ሌባው የገባው በላፕቶፑ በኩል አይደለም

ከባሕር ዳር የደረሰን ደብዳቤ፣ ከሰላምታው በኋላ፣ እንዲህ ይላል፦

«ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ዘጌ ተወልዶ ያደገው አባቴ በእጁ ጽፎ ያቆየልኝን የቅኔ ደብተር፣ የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር በላከችልኝ ላፕቶፕ እየተየብሁ ነው። ባለፈው ወር የተየብሁትን በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሳሳትመው ፊደሉ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ተለውጦ ወጣ። ቤት ተመልሼ ፍላሹን ስከፍተው ደግሞ ፎልደሮቼ በሙሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ጠበቁኝ። እንደ እምቦጭ ነው፤ ባጠፋሁት ቁጥር ይባዛል። በዚያው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ‹ልጄ ተወዳድራለችና ድምፅ ይስጧት› ብሎ ሊንክ ላከልኝ፤ ስልክ ቁጥሬንና የመጣልኝን ኮድ አስገባሁ። በማግስቱ በእኔ ስም ለጽዋ ማኅበርተኞቼ ‹ቸግሮኛል› የሚል መልእክት ደረሳቸው፤ አንዷ 3,000 ብር በቴሌብር ላከች። አሁን ደግሞ መዝሙር ስከፍት ‹ኮምፒዩተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል› የሚል ቀይ ገጽ እየጮኸ ይመጣል። ያማከርሁት ጠጋኝ ዊንዶውስ 10 ስለሞተ ላፕቶፑን ለውጪው ብሎኛል። የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ? የጓደኛዬንስ ገንዘብ መተካት ይገባኛል?»

የተከበሩ መምህርት፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብነው። በመጀመሪያው ንባብ እኛም እንደ እርስዎ ሁሉንም የአንድ ቫይረስ ሥራ ልናደርገው ቃጥቶን ነበር፤ በሁለተኛው ግን ነገሩ ተለያየልን። ፍላሽዎን ያበላሸው ፕሮግራምና በስምዎ ብር የለመነው ሰው ፈጽሞ አይተዋወቁም። ፍላሹ የታመመው ሕዝብ በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ስለተሰካ ሲሆን፣ የቴሌግራም አካውንትዎ የተወሰደው ግን በስልክዎ የደረሰዎትን ኮድ ሌላ ሰው ስለተቀበለዎት ነው። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ብር አንቲቫይረስ ገዝተው ላፕቶፑ ላይ ቢጭኑ እንኳ ሌባው ባለበት ይቆያል። የምንመክርዎት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ቴሌግራሙን፣ ቀጥሎ ኢሜይሉን፣ ከዚያ ላፕቶፑንና ፍላሹን፣ በመጨረሻም የአባትዎን ደብተር እንዲይዙ ነው። አንቲቫይረስ ግን አይግዙ፤ ምክንያቱን በቦታው እንነግርዎታለን።

የድምፅ መስጫው ማታለያ እንዲህ ይሠራል። እርስዎ በዚያ ገጽ ላይ ስልክ ቁጥርዎን ሲጽፉ፣ አታላዩ ያንኑ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ላይ በቴሌግራም የመግቢያ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። ቴሌግራምም የሚገባው ሰው እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ወደ እርስዎ ይልካል። ገጹ «ድምፅዎን ለማጽደቅ ኮዱን ያስገቡ» ሲልዎት የሚጽፉት ኮድ የራስዎ ቤት ቁልፍ ነው፤ አታላዩ ተቀብሎ ይከፍትበታል። ሊንኩን የላከልዎት የቀድሞ ተማሪዎም በአብዛኛው ከእርስዎ አንድ ቀን ቀድሞ በዚሁ መንገድ የተያዘ ሌላ ተጎጂ ስለሚሆን፣ ከመቀየምዎ በፊት ይደውሉለት። ይህ ማታለያ የሚሠራው በሰው ቸርነት ላይ ነው፤ ለተማሪዋ ልጅ ድምፅ አልሰጥም የምትል መምህርት ከየት ትገኛለች?

የሚከተለውን ክፍል ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት በስልክ ነግረንዎታል፤ እዚህ የምንደግመው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ቴሌግራም ለባለቤቱ የሚያደላ አንድ ደንብ አለው፤ አዲስ የገባ መሣሪያ 24 ሰዓት ሳይሞላው ቀደም ብለው የገቡትን መሣሪያዎች ማስወጣት አይችልም። በስልኩ ላይ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ግን አዲሱን ወዲያውኑ ማባረር ይችላል። ስለዚህ ኮድ መስጠትዎን እንዳወቁ ያችን ቀን በሐሳብና በጸጸት አያሳልፏት። በስልክዎ ቴሌግራሙን ከፍተው ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይንኩ፤ አካውንትዎ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከነአገራቸው ተዘርዝረው ይታያሉ። ከማባረርዎ በፊት ዝርዝሩን በስክሪንሾት ያስቀሩት፤ ለፖሊስ ይጠቅማል። ከዚያ ከራስዎ ስልክ በስተቀር ሁሉንም የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ይጫኑ። ቀጥሎም በ«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ይህ ከኮዱ በተጨማሪ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሁለተኛ በር ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ኮዱን ተታልለው ቢሰጡ እንኳ አታላዩ ደጅ ላይ ይቀራል። ሲያበሩት የይለፍ ቃሉን ቢረሱ የሚያድሱበት ኢሜይል ይጠይቅዎታል፤ አይዝለሉት። ያለ ኢሜይል የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው እንደ ገና ለማስተካከል 7 ቀን ይጠብቃል፤ ከአካውንቱ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ አካውንቱ ከነመልእክቶቹ ተሰርዞ እንደ አዲስ ከመጀመር ሌላ መንገድ አይኖረውም።

ሌባው በቆየባቸው ሰዓታት ምን ሊያነብ እንደቻለም ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው፣ እኛም ጭምር፣ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚባለውን ክፍል እንደ ሣጥን እየተጠቀምንበት የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ፣ አልፎ አልፎም የምስጢር ቁጥር እናስቀምጥበታለን። በእርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ካለ የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥሮችዎን ዛሬውኑ ይለውጡና ፎቶዎቹን ከዚያ ያንሱ።

ወደ ኢሜይሉ እንለፍ። በደብዳቤዎ ግርጌ እንደ ዘበት የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ አሳስቦናል፤ ጂሜይልዎ የተከፈተው ከሦስት ዓመት በፊት በጠፋ ሲም ካርድ ቁጥር መሆኑን ገልጸዋል። ያን ቁጥር መልሰው ካላወጡት በስተቀር የእርስዎ አይደለም። ለረዥም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ቢጠፋዎት ጉግል የማረጋገጫ ኮዱን ለማያውቁት ሰው ይልክልዎታል። የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል ሁሉ የሚታደሰው በኢሜይል በኩል ስለሆነ፣ እርሱን የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ አሁን አካውንቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ወደ ጉግል አካውንትዎ የደኅንነት ክፍል ገብተው አሮጌውን ቁጥር አጥፍተው አዲሱን ይተኩ፤ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ። ሲያበሩ ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥዎታል፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ ያላቸውና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። በወረቀት ገልብጠው ከቤትዎ ካርታ ጋር ያስቀምጧቸው፤ ስልክዎ ጣና ውስጥ ቢወድቅ እንኳ በእነርሱ መግባት ይችላሉ።

የይለፍ ቃል አመራረጥን በተመለከተ አብዛኛው ድረ ገጽ የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት መርጠው በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። የልጅ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የሚታወቅ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ አይሁን። ቃሉን በደብተር ጽፎ ማስቀመጥ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንስማማም። እርስዎን ያጠቃው ሌባ ምናልባት ባሕር ዳርን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ ሣጥንዎን ከፍቶ ደብተር ሊያነብ አይመጣም። አንድ ቃል ለሁሉም አካውንት ከመጠቀም ይልቅ ለእያንዳንዱ የተለየ አድርጎ በደብተር መያዝ በብዙ ይሻላል።

ፍላሹ ላይ ያለው ቫይረስ በትምህርት ቤቶችና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ከሚዘዋወሩት የቆዩ ተባዮች አንዱ ነው። ፋይሎችዎን አላጠፋቸውም፤ የተደበቁ የሲስተም ፋይሎች እንዲመስሉ አድርጎ ሸሸጋቸውና በየስማቸው ሾርትከት ተከለ። ሾርትከቱን ሲጫኑት መጀመሪያ የቫይረሱን ፕሮግራም ያስነሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ስለሚከፍትልዎት ምንም የተፈጠረ አይመስልዎትም። በዚህ ጊዜ ቫይረሱ ወደ ላፕቶፑ ይሻገርና ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይለክፋል። የእምቦጭ ምሳሌዎ ከገመቱት በላይ ልክ ነው። አረሙን ነቅሎ ውኃው ዳር የተወ ሰው መልሶ እንደሚያገኘው፣ እርስዎም ፍላሹን እያጸዱ የታመመው ላፕቶፕ ላይ መልሰው ይሰኩታል። መጀመሪያ መጽዳት ያለበት ላፕቶፑ ነው።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚባለው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ መከላከያ ኦፍላይን ስካን የሚል አማራጭ አለው፤ ላፕቶፑን አጥፍቶ ያስነሣና ዊንዶውስ ሳይነቃ፣ ቫይረሱም ሳይነቃ፣ ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። መብራት እንዳይቆራረጥብዎ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ይጀምሩት፤ ከእርሱ በኋላም ሙሉውን ፍተሻ ያስኪዱ። ላፕቶፑ ንጹሕ ሲሆን ፍላሹን ይሰኩና አንዱንም ሾርትከት ሳይነኩ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችንም የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችንም እንዲያሳይ ያድርጉት። ጽሑፎችዎ፣ አንዳንዴም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ሆነው፣ ብቅ ይላሉ። ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ወደ ላፕቶፑ ይቅዱ፤ የማያውቁትን ፋይል ይተዉት። ፍላሹን ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም በላዩ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ማጥፋት፣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቸኩሎ «ፎርማት ላድርግልዎ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ እጁን ይያዙት፤ ብዙ ሰው ያልጠፋ ሥራውን ያጠፋው በዚህ ነው።

የፊደሉ መበላሸት ከቫይረሱ ጋር ግንኙነት የለውም። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲን ምልክቶችን የግዕዝ ቅርጽ እያለበሱ ይሠሩ ስለነበር፣ በእነርሱ የተተየበ ጽሑፍ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ልብሱን አውልቆ ይቆማል። የላፕቶፕዎን የመጻፊያ ፕሮግራም በዩኒኮድ እንዲጽፍ ያድርጉት። እስካሁን የተየቡት በአሮጌው ፎንት ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች ስላሉ እንደ አዲስ መተየብ የለብዎትም፤ ከተለወጠ በኋላ ግን ከደብተሩ ጋር ያመሳክሩት፤ በቅኔ አንድ ፊደል መሳት ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ለኅትመት ሲሄዱም ጽሑፉን በፒዲኤፍ ያውጡት። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም፤ በኢሜይል ሊላክም ስለሚችል ፍላሹን ከነጭራሹ ይዞ መውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተየቡት ጽሑፍ ያለው በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መሆኑን በደብዳቤዎ ስናነብ ደነገጥን። ፍላሽ መጓጓዣ እንጂ ጎተራ አይደለም፤ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠም የያዘውን ሊያፈስ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፦ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው ለቅጂ ሲሆን ብቻ በሚሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከቤትዎ ውጭ። ለሦስተኛው ጉግል ድራይቭ ይበቃል። ከጂሜይልና ከፎቶዎች ጋር በጋራ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ቢሆን እንኳ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። የደብተሩን ገጾች በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያንንም ቢጨምሩ ቦታው አይጠብም። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል ግን አይርሱ። ለእኅትዎ ልጅም አንድ ቅጂ ይላኩላት፤ የአያቷ ቅኔ ነውና።

አሁን ወደ አንቲቫይረሱ ደርሰናል። የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ እስከበራና እስከታደሰ ድረስ ለቤት ተጠቃሚ ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላፕቶፕ ላይ መጫን ሁለት ዘበኛ እርስ በርሳቸው እንዲጠራጠሩ ማድረግ ነው፤ ላፕቶፑን ከማንቀርፈፍ ሌላ ጥቅም የለውም። ያዩት ቀይ ገጽ ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ ድረ ገጽ ደግሞ የላፕቶፕዎን ሆድ ከፍቶ ቫይረስ መቁጠር አይችልም። የሚፈልገው ደንግጠው እንዲጫኑት ወይም በተጻፈው ስልክ እንዲደውሉ ነው። አልትና ኤፍ 4ን አብረው ተጭነው ይዝጉት። ደጋግሞ የሚመጣው፣ በአብዛኛው፣ ከዚህ ቀደም አንድ ገጽ «አላው» የሚል ቁልፍ አስጭኖዎት ማሳወቂያ የመላክ ፈቃድ ስለወሰደ ነው። በክሮም ሴቲንግስ የኖቲፊኬሽን ዝርዝር ውስጥ የማያውቋቸውን ገጾች ሁሉ ሲሰርዙ ጩኸቱ ይቆማል። አንድ ነገር ግን ይፈትሹ፤ ዊንዶውሱ ወይም ዎርዱ «ክራክ» በሚባለው፣ የሚሸጥን ፕሮግራም ያለ ክፍያ በሚከፍት መሣሪያ የተከፈተ ነው? ክራክ የሚጭኑ ሰዎች ሥራው እንዲሳካላቸው መከላከያውን አጥፍተው የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። በአገራችን ይህ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ ልማድ መሆኑ ግን የክራኩን ፋይል ከውስጡ ቫይረስ አያጸዳውም።

ስለ ዊንዶውስ 10 የነገርዎት ጠጋኝ በከፊል ትክክል ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያውን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ በዚያ ቀን መሥራት አላቆመም፤ አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑለትም። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ ማሻሻያ ስላለ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን መቀበሉን ያስፈትሹ፤ በኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ያሉት በአብዛኛው ይቀበላሉ። ካልተቀበለም ለሚተይቡት፣ ለሚያነቡትና መዝሙር ለሚሰሙበት በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ይጫናል። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዙበት ምክንያት አላየንም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ላይ ወይም አልጋ ላይ አስቀምጠው አይሥሩበት፤ የሥሩ ነፋስ መግቢያ ይታፈናል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምርም ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ።

የጓደኛዎን 3,000 ብር በተመለከተ፣ እርሷ የግብይቱን ቁጥር የያዘውን አጭር መልእክት ይዛ ለአገልግሎት ሰጪው የደንበኞች ማዕከል ማመልከት ነበረባት፤ ካላመለከተች ዛሬ ታመልክት፤ በእንዲህ ያለ ነገር ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ቀጥሎ ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለል ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የውይይቱን ጽሑፍ አታጥፉት፤ ካስቀሩት የመሣሪያዎች ዝርዝር ጋር ማስረጃ ነው። ገንዘቡን ይተኩ አይተኩ ግን እኛ ልንፈርድ የምንችለው አይደለም። የለመናት ሌላ ሰው እንደሆነ እርሷም ታውቃለች፤ ምናልባት ግማሹን ልስጥሽ ቢሏት ትቆጣ ይሆናል። የማኅበሩ ቀን ሳይደርስ ለሌሎቹ አባላት በቴሌግራም «ያ መልእክት የእኔ አልነበረም» ብለው ከጻፉ፣ ያንንም የሚጽፈው ማን እንደሆነ ማወቅ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ በድምፅዎ ይደውሉላቸው፤ ጽዋው በሚጠጣበት ዕለት ደግሞ ስልኮቻቸውን አውጥተው የ«ዲቫይስስ» ዝርዝሩን አንድ በአንድ አብረው ይዩት።